የመካነ ሰላም ተማሪዎችና ያልተጻፈው ታሪክ

ደሴን በማለዳ ለቅቆ ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚቀበለው ብርድ ነው። አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ጉጉፍቱን ሲወጣ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ድረስ ይስበዋል፤ ወሬውም ለጊዜው ይቋረጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው የለጋምቦ ደጋ የገብስና የበግ አገር ነው። ዛፉ ጥቂት፣ ነፋሱ ብዙ፣ ሰማዩም ቅርብ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ሣሩን ነጭ ያለብሰዋል፤ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ ትናንሽ እረኞች ግን ምንም እንዳልሆነ እያፏጩ በጎቻቸውን ይነዳሉ።

አቀስታን አልፎ ወደ ቦረና ሲዘለቅ ደጋው እየለዘበ፣ የገብሱም ማሳ ለስንዴና ለጤፍ ስፍራውን እየለቀቀ ይሄዳል። የቦረና ከተማ መካነ ሰላም ናት፤ ትርጓሜዋም የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ባሕር ዛፍ የከበባት፣ ቆርቆሮ የለበሰች፣ ጎሕ ሳይቀድ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን ተከታትለው የሚሰሙባት ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ ሰው ምድሪቱ ተቈርጣ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ፣ ከማዶም የጎጃም ተራሮች ደብዘዝ ብለው ይታዩታል። በቦረናና በሳይንት መካከል የደንቆሮ ጫካ አለ፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ይህ ደን ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ከዚያም ወዲያ በስተ ሰሜን የዓፄ ቴዎድሮስ አምባ መቅደላ ይገኛል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን የአገሩን ውበት ለማድነቅ ብቻ አይደለም። በዚህ ከተማ በአስተማሪነት ሳለሁ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ከስሕተቱም የተማርሁትን ለአንባቢ ለማካፈል ብዬ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ ታሪክ አጥንቼ የተመረቅሁ የ25 ዓመት ሰው ነኝ። ወደ መካነ ሰላም በመጣሁበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ጥቅምት እንደ ገባ ለተማሪዎቼ «ስለ አንድ ታላቅ ሰው ታሪክ አጥንታችሁ ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። የሚታረመውም ከ20 ነበረ። ጽሑፎቹን ሰብስቤ ባያቸው የሚበዙት ስለ ውጭ አገር ሰዎች የተጻፉ ነበሩ፤ ናፖሊዮን አለ፣ ማንዴላ አለ፣ ጆርጅ ዋሽንግተንም አለ። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ አንድ ተማሪ ስለ አብርሃም ሊንከን የጻፈው ነው። ሊንከን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1809 በኬንታኪ ከግንድ በተሠራ ጎጆ መወለዱን፣ በኢንዲያና እናቱ በልጅነቱ መሞቷን፣ በምድጃ ብርሃን መጽሐፍ ያነብ እንደ ነበረ፣ በኢሊኖይ ጠበቃ ሆኖ ኋላም ለፕሬዚዳንትነት መብቃቱን በጥሩ ጽሕፈት አሳምሮ አቅርቧል። ለዚህ ተማሪ 18 ሰጠሁት።

ከጽሑፎቹ መካከል ሁለት ገጽ ብቻ የሆነ፣ ከደብተር ተቀዶ የወጣ አንድ ወረቀት ነበረ። የጻፈው ልጅ ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ከሚገኝ ቀበሌ የመጣ ነው። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች በከተማው ውስጥ ከጓደኞቹ ጋራ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ስንቁን ከቤቱ እያመጣ ይማራል። ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ሰገሌ ጦርነት ነበረ። አያቱ ከአባታቸው የሰሙትን ለልጁ ነግረውታል፤ እሱም ከዚያ ቀበሌ ከንጉሥ ሚካኤል ጋራ ዘምተው ሳይመለሱ የቀሩትን ሰዎች ስም ዘርዝሯል። ስድስት ስም ጽፎ ሲያበቃ «ሌሎችም አሉ፤ አያቴ በቃላቸው ያውቋቸዋል» ብሎ ደምድሟል። እኔም ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቼ «ምንጩ የት አለ?» ብዬ ጻፍሁበትና 7 ሰጠሁት። ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ በአራት አጠፈው፤ በደብተሩም ውስጥ አስገብቶ ዝም አለ።

ሰገሌን ለማያስታውስ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ መኳንንት ወገን ሲሆኑ የቀድሞ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበረ። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዓፄ ዮሐንስ ክርስትና አንሥተዋቸው ሚካኤል ተባሉ። በ1888 ዓ.ም. የወሎን ፈረሰኛ መርተው ዐድዋ ዘመቱ። የዓፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ፤ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ በልጃቸው ዘመን ለንጉሥነት በቁ። ደሴ ላይ ያሠሩት አይጠየፍ የሚባለው የግብር አዳራሽ እስካሁን ስማቸውን ያስጠራል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸው በተሰማ ጊዜ አባት የወሎን ሰው አስከትተው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። በመጀመሪያ ቶራ መስክ ላይ ድል አደረጉ፤ ጥቅምት 17 ቀን ግን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፤ በ1910 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ ዐረፉ። ስለ ሰገሌ የተጻፉት መጻሕፍት የራሶቹንና የፊታውራሪዎቹን ስም ይነግሩናል። ስንቁን በትከሻው ተሸክሞ ከቦረና የተነሣው ባላገር ግን በጅምላ «የወሎ ጦር» ተብሎ ታልፏል። ልጁ ስማቸውን በወረቀት ላይ ያሰፈረላቸው እነዚህን ሰዎች ነበረ፤ እኔ ግን ይህን በዚያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

ከሳምንት በኋላ በክፍል ውስጥ የሊንከን ጽሑፍ ተነበበ። ተነቦም ሲያበቃ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጅዋን አውጥታ፥

«መምህር፣ ሊንከን ልጅ ሳለ በምድጃ ብርሃን ሲያነብ ማን አየው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። «ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ አለፍሁት፤ በዚያውም ማታ መፈለግ ጀመርሁ። ያገኘሁትም እንደሚከተለው ነው።

ሊንከን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሚያዝያ 1865 ተተኵሶበት ከሞተ በኋላ፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ በጥብቅና ሥራ ባልደረባው የነበረ ዊልያም ሄርንደን የሚባል ሰው ተነሣ። ታላቁ ሰው በሕዝብ አፍ ወደ መልአክነት ሲለወጥ ባየ ጊዜ እውነተኛውን ሰው ለማግኘት ፈለገ። ስለዚህ በኬንታኪ፣ በኢንዲያናና በኢሊኖይ ሊንከንን በልጅነቱ ያወቁትን ገበሬዎች፣ ጎረቤቶችና ዘመዶች፣ አንዳንዶቹን ቤታቸው ድረስ ሄዶ፣ አንዳንዶቹን በደብዳቤ ጠየቀ። የሰጡትንም ቃል ሰበሰበ፤ መጽሐፉም በ1889 ታተመ። በ1865 መስከረም የሊንከንን እንጀራ እናት ሣራን ሄዶ አነጋግሯል። ሴትዮዋ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ፣ ጽሕፈት የማያውቁ የገጠር ባልቴት ነበሩ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ሞቱ። ሊንከን በልጅነቱ ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ ያነብ እንደ ነበረ ለሄርንደን የመሰከሩለት እኚህ ሴት ናቸው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ደነገጥሁ። ለሊንከን ጽሑፍ 18 ስሰጥ ፊደል ያልቈጠሩ የአንዲት አሮጊት ቃል መቀበሌ ኖሯል፤ ለሰገሌው ጽሑፍ 7 ስሰጥ ደግሞ ፊደል ያልቈጠሩ የአንድ ሽማግሌ ቃል መናቄ ነው። ልዩነቱ አንደኛዋን ጠይቆ የጻፈ ሰው መገኘቱ ብቻ ነው። ሁለተኛውንም ጠይቆ የጻፈ ልጅ ነበረ፤ እኔ ግን በቀይ ቀለም አባረርሁት።

በማግሥቱ ልጁን ፈልጌ አጣሁት። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ተቀይሞ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ቅዳሜ ሲደርስ የዚያ ቀበሌ ተወላጅ የሆነ ሌላ ተማሪ «ለቅሶ ገጥሞት ነው መሰለኝ» አለኝ፤ እሱን መሪ አድርጌ ተነሣሁ።

መንገዱ ወደ ዓባይ ተዳፋት የሚወስድ ነው። የጤፍ አጨዳ የተጀመረበት ጊዜ ስለ ሆነ አጫጆቹ እየተቀባበሉ ያዜሙ ነበረ፤ በዐውድማው ዳር የተከመረውም ነዶ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ኮረብታውን ዞር እንዳልን ከአንድ ጎጆ አጠገብ ድንኳን ተተክሎ አየን። የሞቱት የልጁ አያት ነበሩ። ከተቀበሩ ሰባተኛ ቀናቸው ነው። ካህናቱ ከውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶች ደግሞ ከበራፉ ውኃና እንጨት ያቀርባሉ፤ ዱዓም ያደርጋሉ። በዚህ አገር ኀዘን የሚከፈለው እንዲህ ነው።

ልጁ እንዳየኝ ሮጦ መጣና እጅ የሚያስታጥብ ውኃ አቀረበልኝ። ለለቅሶ የመጣሁ መስሎት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር፣ ይህን ሁሉ መንገድ ለእኔ ብለው ደከሙ» አለኝ። ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ።

ጥቂት እንደ ተቀመጥሁ የሟቹ ባለቤት አጠገባቸው አስጠሩኝ።

«አስተማሪው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎን፣ እማማ፤ እግዚአብሔር ያጽናዎ።»

«አሜን። እሱ ሲጠብቅህ ነበረ። ልጁ ‹አስተማሪዬ ጽሑፉን ወደደው› ብሎ ነገረው። ‹እንግዲያው የቀሩትን ስሞች ሊጠይቅ ይመጣል› እያለ መንገዱን ሲመለከት ሰነበተ።»

ልጁ ማርኩን ለአያቱ አልነገራቸውም ነበረ።

ይህን በሰማሁ ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ኀዘኔን አይተው «አብሽር፣ ልጄ» አሉኝ። ኋላም ለምን እንዳዘንሁ በገለጽሁላቸው ጊዜ እዚያው ድንኳን ውስጥ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋራ ስሞቹን ለማስታወስ ሞከሩ። አንድ ስም ሁሉም ተስማሙበት። በሁለተኛው ላይ ግን ክርክር ተነሣ፤ አንዳንዶቹ ሰውዬው ሰገሌ ወድቆ ቀረ ሲሉ፣ ሌሎቹ ከሰገሌስ ተመልሶ በኅዳር በሽታ ነው የሞተው አሉ። የቀረውን የሚያውቁት ሟቹ ብቻ ነበሩ። በወረቀቱ ላይ ካሉት ስድስት ስሞች ሦስቱ የክርስቲያን፣ ሦስቱ የሙስሊም ስሞች ናቸው። ስማቸውን በዚህ ጽሑፍ አልዘረዝርም፤ የቤተ ሰቦቻቸው ነውና።

ሰኞ ወደ ክፍል ገብቼ የሆነውን ሁሉ ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው፤ ስሕተቱ የእኔ መሆኑንም አልሸሸግሁም። ከዚያ በኋላ የቤት ሥራውን እንደገና ሰጠኋቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን የየራሳቸውን ቀበሌ ሰው ወይም ስፍራ እንዲመርጡ ነበረ። ደንቦቹም ጥቂት ናቸው። የተናጋሪው ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ይጻፍ። ራሱ ያየው ነው ወይስ ከሌላ የሰማው? ከሰማውስ ከማን? ሁለት ሰዎች የማይስማሙ ከሆነ የሁለቱም ቃል ሳይታረቅ ይመዝገብ። በመጨረሻም የታተመ መጽሐፍ ካለ ከእሱ ጋራ ይነጻጸር።

ያስቸገረን የዘመን አቈጣጠር ነበረ። ሽማግሌዎቹ ዓመተ ምሕረት አይጠሩም፤ በደረሰባቸው ነገር ይቈጥራሉ። እኛም ለዚህ የሚረዳ ሰንጠረዥ አዘጋጅተን በግድግዳ ላይ ለጠፍን። «ክፉ ቀን» ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ረኃብ ነው፤ «ሰገሌ» 1909፣ «የኅዳር በሽታ» 1911፣ «ጣልያን» ከ1928 እስከ 1933፣ ከዚያም የ1966ና የ1977 ድርቅ ይከተላሉ። አንድ ሽማግሌ «አባቴ የተወለደው ከክፉ ቀን በኋላ ነው፤ ለሰገሌ ጦር ለመሸከም ደርሶ ነበረ» ቢሉ፣ ልጆቹ ሰንጠረዡን አይተው የአባትየውን ዕድሜ በግምት ያወጡታል።

የሊንከንን ነገር የጠየቀችው ተማሪ የእናቷ ወገኖች የወረሂመኖ ሰዎች ስለ ሆኑ ወይዘሮ ወርቂትን መረጠች። ወይዘሮ ወርቂት በዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን በወሎ ያስተዳድሩ የነበሩ ሴት ናቸው። በ1857 ዓ.ም. በሰኔ ወር ወጣቱ ምኒልክ 10 ዓመት ያህል ከኖሩበት ከመቅደላ በሌሊት አምልጠው ወደ ወርቂት ግዛት ደረሱ። በዚያን ጊዜ የወርቂት ልጅ በመቅደላ የቴዎድሮስ እስረኛ ነበረ። እናቲቱ ምኒልክን መልሰው ቢሰጡ ልጃቸውን ሊያገኙ ይችሉ ይሆናል። ነገር ግን ምኒልክ በሰላም ወደ ሸዋ ተሸኙ፤ የወርቂትም ልጅ በቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደለ። ወርቂት ምኒልክን የለቀቁት ልጃቸው ከመገደሉ በፊት ነው ወይስ መሞቱን ከሰሙ በኋላ? በዚህ ላይ ታሪኩ በሁለት ዓይነት ይነገራል። ተማሪዋም በደንባችን መሠረት ሁለቱንም ጽፋለች።

ይህን ጽሑፍ ሳርም አንድ ነገር አስተዋልሁ። ሊንከን የተገደለው በእኛ አቈጣጠር በዚያው በ1857 ዓ.ም. ነው። ሄርንደን ሣራን ያነጋገረውም እኛ ዘመን ከመለወጣችን ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በኢሊኖይ አንዲት ባልቴት ስለ ልጃቸው ተጠይቀው ቃላቸው ሲጻፍ፣ በወሎ ደጋ ሌላዋ እናት ስለ ልጃቸው አለቀሱ፤ በወርቂት ደጅ ግን ብዕር ይዞ የተቀመጠ ሄርንደን አልነበረም። ዛሬ የመካነ ሰላም ልጅ ስለ ኬንታኪው ጎጆ አሳምሮ የሚያውቀው፣ ስለ ወርቂት የማያውቀው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ከሊንከን እናት የወርቂት ሐዘን አንሶ አይደለም።

የተጻፈውም ቢሆን ሁሉ በእጃችን የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱትን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ከዚያ ከተወሰዱት ብራናዎች ከ300 የሚበልጡት ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ብራናው ቢሄድ በሰው አእምሮ የተጻፈው ቀርቶልናል፤ እሱም ግን በየቀኑ ወደ መቃብር ይወርዳል።

ይህ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። በ1940ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የባህል ጥናት ማኅበር አቋቁመው፣ ስለየትውልድ አገራቸው ልማድ ያጠኑትን በራሳቸው መጽሔት ያሳትሙ ነበረ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎችም ወደየአውራጃቸው እየሄዱ ሽማግሌ ጠይቀው የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ኋላ ለታላላቅ የታሪክ ሊቃውንት ምንጭ ሆነዋል። በአሜሪካም በጆርጂያ ግዛት ተራራማ አገር፣ በ1959 ዓ.ም. የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አያቶቻቸውን ስለ ቤት አሠራር፣ ስለ መድኃኒትና ስለ አደን እየጠየቁ «ፎክስፋየር» የሚባል መጽሔት ማዘጋጀት ጀመሩ። ከመጽሔቱ የተውጣጣው መጽሐፍ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመላው አገሪቱ ተነበበ። እነዚያ ልጆች የያዙት ደብተርና ጆሮ ብቻ ነው፤ የእኛም ልጆች ሁለቱም አሏቸው።

ተማሪዎቼ የሰበሰቡት ዛሬ በሦስት ወፍራም ደብተሮች ተጠርዞ ተቀምጧል። በመጀመሪያው ደብተር መጀመሪያ ላይ ያ በአራት የታጠፈ ወረቀት አለ። ማርኩን ላስተካክል ከልጁ በተቀበልሁት ጊዜ፥

«መምህር፣ ማርኩ እንዳለ ይሁን» አለኝ። «ነገር ግን ‹ምንጩ የት አለ?› ብለው ከጻፉት በታች የአያቴን ስም ይጻፉልኝ።»

እንዳለኝ አደረግሁ። የአያቱን ስም ከነአባታቸው፣ ዕድሜያቸውንና ቀበሌያቸውን በዚያው በቀዩ እስክሪብቶ ጻፍሁ። ማርኩን ግን እምቢ ብዬ አስተካከልሁት። ከስድስቱ ስሞች ሥር ሽማግሌዎቹ የተስማሙበትን ሰባተኛውን ጨመርን፤ ያከራከረውንም ስም ከነክርክሩ አሰፈርን። ከዚያ በታች ያለው የወረቀቱ ግማሽ ባዶ ነው፤ ባዶውንም እንዳለ ትተነዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ለዓመት በዓል ወይም ለዕረፍት ወደ አገርህ በምትገባበት ጊዜ ከእሳቱ ዳር የሚቀመጡትን አያትህን አስብ። እስክሪብቶና ደብተር ይዘህ ቅረብና «ከዚህ ቀበሌ ማን ማን ነበረ?» ብለህ ጠይቅ። ለከርሞ ብለህ ግን አታሳድር። እኔ ያሳደርሁት ለጥቂት ቀን ብቻ ነበረ።